አፈ ጠማማው ጋን

«እማዬ፣ እዚህ የነበረው ጋን የት ሄደ?»

ዕንቁ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ነበር የጠየቀችው። ከበሩ በስተቀኝ፣ ጋኑ ቆሞበት በነበረው ቦታ ላይ ክብ የአመድ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

እናቷ ንግሥቲ ደጅ ላይ ጭቃ እየረገጠች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም።

«ሸጥኩት» አለች። «እንዲያ ያለ ጋን ሠርተሽ ቤት ይጎለታል እንዴ? ይፋግ ገበያ ገና ከመኪና ሳይወርድ ነው የተሻሙበት፤ በመጨረሻ ወይዘሮ ደብረወርቅ ወሰደችው። እጅሽ ከእጄ በለጠ እኮ፣ አንቺ!»

በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ሙገሳ ለዕንቁ የሳምንት ስንቅ ይሆናት ነበር። ዛሬ ግን ቦርሳዋን እንዳዘለች መደቡ ላይ ቁጭ አለች።

በዚያ ጋን ውስጥ ሃያ አራት ቃላት ነበሩ።

ቃላቱ የወንድሟ የዓለምብርሃን ናቸው። ዓለምብርሃን ባለፈው ሐምሌ ከባሕር ዳር ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ሞተ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ማንም ሳያስተምረው፣ ወረታ ከተማ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ሆኖ ባሕር ማዶ ላሉ ሰዎች የቤት ንድፍ በኮምፒውተር ይሠራ ነበር። ክፍያው የሚመጣለት በክሪፕቶ ነበር፤ በኢንተርኔት ላይ ብቻ በሚንቀሳቀስ ገንዘብ። የስልኩ ደወል እስከ ዛሬ በየቀኑ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደ አውራ ዶሮ ይጮኻል። ሥራ የሚጀምርበት ሰዓት ነበር። ንግሥቲ ደወሉ እንዲጠፋ አትፈቅድም። ሲጮኽ እጇን ከጭቃው ታወጣና እስኪያበቃ ዝም ብላ ትቆማለች።

ከመሞቱ ሁለት ወር በፊት ነው አንዲት እቃ ይዞ የመጣው። አውራ ጣት ታክላለች፤ ትንሽ መስኮትና ሁለት ቁልፎች አሏት። «ዋሌት ትባላለች» አላት። ካርቶኗን ከመክፈቱ በፊት ማሸጊያው አለመነካቱን እያገላበጠ አየ።

«ተከፍታ ከመጣች፣ ወይ ደግሞ ቃላቱ አብረው ተጽፈው ከመጡ፣ ሌባ አዘጋጅቶልሻል ማለት ነው። ቃላቱን የምታወጣው ራሷ ናት፤ ያውም ዓይንሽ እያየ። ጻፊ።»

እሱ እያነበበ እሷ ጻፈች። መስኮቷ ላይ የወጣው የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ቃል «ራይስ» ነበር። ዓለምብርሃን ሳቁ አመለጠው። «ሩዝ! የፎገራ ልጆች መሆናችንን ማን ነገራት?»

ሃያ አራተኛው ቃል ሲያልቅ ግን ፊቱ ኮስተር አለ። «ገንዘቡ እዚህች ውስጥ አይደለም ያለው፤ እሷ የያዘችው ቁልፉን ነው። ብትሰበር፣ ውሃ ቢገባባት፣ በነዚህ ቃላት ሌላ እቃ ላይ ታስነሺዋለሽ። ቃላቱን ያገኘ ሰው ግን እሷንም፣ የሚስጥር ቁጥሯንም ሳይፈልግ ሁሉን ይወስዳል። ፎቶ እንዳታነሺ። ስልክ ላይ እንዳትጽፊ። ቃላቱን ንገሪኝ የሚልሽ ማንም ይሁን ማን፣ ሌባ ነው።»

«አንተ ብትጠይቀኝስ?»

«እኔም ብሆን» አለና ራሷን ዳበሳት። «ይሄ ያንቺ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ዕንቁዬ።»

ነሐሴ ላይ፣ እሱ ከተቀበረ በአራተኛው ሳምንት፣ ውሃው እንደየዓመቱ የቁሐር ሚካኤልን ሜዳ ሞልቶ እቤት ገባ። ቃላቱ የተጻፉበት ወረቀት ራሰ። ዕንቁ ምድጃ ዳር አድርቃ አተረፈችው፤ ሁለት ቃላት ግን ቀለማቸው ፈስሶ የተነበቡት በመከራ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ወረቀት አላመነችም።

የሸክላ ሠሪ ልጅ ናትና ጭቃን አመነች። ጋን ስትሠራ፣ ሆዱና ትከሻው አልቆ አንገቱ ሳይቀጠል፣ እጇን ወደ ውስጥ አስገብታ በትከሻው የውስጥ ገጽ ላይ ሃያ አራቱን ቃላት በወስፌ ጻፈች። አንገቱ ከተቀጠለ በኋላ በአፉ ባትሪ ቢያበሩበት እንኳ አይታይም። ማንበብ የፈለገ መስበር አለበት። ጋኑ ከእሳት በደህና ሲወጣ ወረቀቱን አቃጠለች። ዓለምብርሃን ቢያይ ይኮራብኝ ነበር ብላ አሰበች።

አንድ ነገር ግን ረሳች፤ ያውም በዚህ ቤት ውስጥ ሕፃን የማይረሳውን። ንግሥቲ ያማረ ሸክላ ቤት አታስቀምጥም። ደህናው ለገበያ ነው፤ የተሰነጠቀው፣ የጎበጠው፣ ያረረው ለቤት። ሌሎች እናቶች ምስር እንደሚለቅሙ እሷ እንከን ትለቅማለች። ዕንቁ ደግሞ ለወንድሟ ቃላት ብላ በሕይወቷ ያላሳመረችውን ጋን አሳመረች።

በማግሥቱ በእረፍት ሰዓት ለአያልነህ ነገረችው። አያልነህ የክፍሏ ልጅ ነው፤ ዓለምብርሃን ዘንድ እየሄደ ኮምፒውተር ይማር ስለነበር ስለ ዋሌቷ ያውቃል።

«ፎቶ ብታነሺው ኖሮ ይሄ ሁሉ የለም» አላት። «ጋን ውስጥ? በዚህ ዘመን? ፋራ!»

«ስልክህ ባለፈው ወር ተሰርቆብህ የለ? ፎቶዎቹስ የት ገቡ?»

አያልነህ ወሬ ለማስቀየስ አዲሱን ስልኩን አወጣ። አንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ገብቶ «የመጠባበቂያ ቃላት ለጠፋበት ሰው መፍትሔ አለ ወይ?» ብሎ ጻፈ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

«አየሽ! ድጋፍ ሰጪ ነኝ የሚል ሰው በውስጥ መስመር መለሰልኝ። በአሥር ደቂቃ እናስተካክላለን ይላል። ብቻ ሃያ አራቱን ቃላት ላኩልኝ…»

ዕንቁ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «አያልነህ፣ የጠፉብኝ እኮ እነሱ ናቸው!»

ልጁ ጽሑፉን መልሶ አነበበው። ጆሮው ቀላ፤ መልእክቱንም ሰውየውንም ቶሎ አጠፋ።

«እሺ፣ ጥሩ» አለ ቆይቶ። «ዋሌቷ እጅሽ ላይ አለች። የሚስጥር ቁጥሯንም ታውቂያለሽ። የገዛችው ሴትዮ ጋን ውስጥ ገብታ እንግሊዝኛ አታነብም። ምን ታካብጃለሽ? ተይው በቃ።»

ዕንቁ ነገሩን እያሰላሰለች አምሽታ ነበር። መተው ቀላል ነው። ግን ዋሌቷ ነገ ብትበላሽ የዓለምብርሃን ድካም ሁሉ የሚነሳው ሰው ቤት በቆመ ጋን ነው። ጋን ደግሞ አንድ ቀን ይሰበራል፤ ገሉን ልጆች ይጫወቱበታል፤ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ከእናቷ ጋኖች አንዱን አሸክማ በሚኒባስ ይፋግ ገባች። ለእናቷ «የገዛችው ሴት ሌላ ዓይነት ፈልጋለች» ብላ ዋሽታ ነው የወጣችው። ውሸቱ መንገዱን ሁሉ ጫማዋ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ሲቆረቁራት ነበር።

ጋኑን የገዛችውን ወይዘሮ ደብረወርቅን ለማግኘት አልተቸገረችም፤ የቤቱ ደጅ በሰው ተሞልቷል። ሴቶች ጌሾ ይወቅጣሉ፣ ወንዶች ዳስ ይጥላሉ። ጋኑ ጓዳ ውስጥ፣ አፉ በጨርቅ ታስሮ ቆሟል። ዕንቁ ከሩቅ አወቀችው።

«እትዬ ደብረወርቅ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያን ጋን በዚህ ይለውጡልኝ። ይሄ የእናቴ እጅ ነው፤ ያኛው የኔ ነው።»

ሴትዮዋ ጥቁር ለብሳለች። ጋኑን አየች፤ ዕንቁንም አየች። «ልጄ፣ ተጠንስሶበታል እኮ። የባሌ ተዝካር የፊታችን ሐሙስ ነው። ጥንስስ ከጋን ጋን ሲንከራተት ይበላሻል። ለተዝካር የተጠነሰሰ ደግሞ እንዴት አድርጌ አፈሳለሁ?»

ዕንቁ አፏን ከፈተች። ገንዘብ ልትጨምር፣ ልትለምን፣ ልታለቅስ ትችል ነበር። ሴትዮዋ እሺ የምትል ዓይነት ሰው መሆኗም ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ከበስተኋላ ግን አንድ ሽማግሌ የዳሱን ምሰሶ እያቆሙ የሟቹን ስም ጠርተው ሲያለቅሱ ሰማች። የወንድሟ አርባ ቀን ትዝ አላት። ያን ቀን ሰው መጥቶ ጋናችሁን ድፉ ቢል ኖሮ እናቷ ምን ትሆን ነበር?

«ይተዉት» አለች።

«ምን አለበት ለመሆኑ? ተሰነጠቀ እንዴ?»

«አይደለም። ባለፈው ክረምት የሞተ ወንድም ነበረኝ። የሱን ቃል ውስጡ ጽፌበት ነበር። እናቴ ሳታውቅ ሸጠችው።»

ወይዘሮ ደብረወርቅ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። «ስሙ ማን ነው?»

«ዓለምብርሃን።»

«እንግዲያ ጠላው የሁለቱም ነው። ሐሙስ ካህናቱ ሲጸልዩ ስሙን አስጠራለሁ። ሲያልቅ ጋኑን መጥተሽ ውሰጂ፤ አደራሽ ነው።»

ዕንቁ ጎንበስ ብላ አመሰገነች። ያመጣችውን ጋንም እዚያው ተወችው፤ ለተዝካሩ ይሁን ብላ። እስከ ሐሙስ ግን አትጠብቅም፤ ገንዘቡን አሁኑኑ ወደ አዲስ ቃላት ማዛወር አለባት። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቆሞ የሚሰነብት ቃል ከእንግዲህ ምስጢር አይባልም።

እቤት ስትገባ እውነቱን ለእናቷ ነገረቻት። ንግሥቲ ሰምታ ሰምታ ጭቃ የያዙ እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለማንም አትንገሪ ብሎኝ ነው።»

«ቃሉን አትንገሪ አለሽ እንጂ ጋኑን አትንገሪ አለሽ?»

ዕንቁ እጅጌዋን ሰብስባ ከጭቃው ጎን ተንበረከከች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኔትወርኩ ደህና ሲሆን፣ እናትና ልጅ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ዕንቁ ገንዘቡን ለጊዜው ለማሳረፍ በወንድሟ ስልክ ላይ በመተግበሪያ የሚሠራ ሌላ ዋሌት ከፈተች፤ የዚህኛውንም ቃላት ወረቀት ላይ ጻፈች። ከትንሿ እቃ ወደ ስልኩ መጀመሪያ ጥቂቷን ብቻ ላከች። ከመላኳ በፊት ገንዘቡ የሚገባበትን ረጅም አድራሻ ስልኩ ላይና እቃዋ መስኮት ላይ ፊደል በፊደል አመሳከረችው። ጥቂቷ ስትደርስ የቀረውን ላከች።

ቀጥሎ ዋሌቷን ከነድሮ ቃላቷ ባዶ ማድረግ ነበረባት። ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆመ። ይህን ከተጫነች «ራይስ» ይጠፋል፤ እሱ ያነበበላት ሁሉ ይጠፋል። የሚቀረው ይፋግ፣ ከጠላው በላይ ያለው ብቻ ነው።

«ምን ሆንሽ?» አለች ንግሥቲ።

«ምንም።» ተጫነችው።

ዋሌቷ እንደ አዲስ ተነሳች። ዕንቁ አዲስ የሚስጥር ቁጥር ሰጠቻት። አዳዲሶቹ ሃያ አራት ቃላት አንድ በአንድ ወጡ፤ ማንም ሳያነብላት ራሷ አንብባ ጻፈች። ሩዝ አልነበረበትም። ጽፋ ስትጨርስ አድራሻዋን በማስታወሻ ያዘችና ዋሌቷን እንደገና ባዶ አደረገቻት።

«እንዴ! ሠርተሽ ታፈርሻለሽ?»

«አንቺ ጋን ውሃ ሞልተሽ ሳታዪ ትሸጫለሽ?»

«እንዴት ብዬ!»

«እንደሱ ነው» አለችና ቃላቱን ከወረቀቱ እያየች መልሳ አስገባች። ያው አድራሻ መጣ። አያንጠባጥብም።

ገንዘቡን ከስልኩ ልትመልስ ስትል አሥራ አንድ ሰዓት ሆነና አውራ ዶሮው ጮኸ። ንግሥቲ እንደ ልማዷ ብድግ አለች። ዕንቁም ስልኩን እንደያዘች አጠገቧ ቆመች። ደወሉ ሲያበቃ ዕንቁ አድራሻውን ዳግም አመሳከረች፤ ጥቂቷን አስቀደመች፤ ሁሉንም ላከች።

ማክሰኞ አዲስ ጋን ጀመረች። ትከሻው ሲያልቅ እጇን ወደ ውስጥ አስገብታ ጻፈች፤ እናቷም ሳይነገራት ፊቷን ወደ ደጅ አዞረች። ወረቀቱን አላቃጠለችውም፤ ጋኑ ከእሳት ወጥቶ፣ ተንኳኩቶ፣ ድምፁ እስኪሰማ ይቆያል። ከዚያ አንገቱን ቀጠለች፤ አፉን በእርጥብ ጨርቅ እያዞረች አለሰለሰች። እጇ ያውቅበታልና ያለ እንከን ወጣ።

ንግሥቲ ዞር ብላ አየችው። «ወይ ጉድ! ይሄማ ከያኛውም በለጠ» አለች፤ ዓይኗ የገበያ ዓይን ሆነ።

ዕንቁ ጋኑን ትንሽ ተመለከተችው። ከዚያ አውራ ጣቷን ከንፈሩ ላይ አሳረፈችና በኃይል ወደ ታች ተጫነችው።