ዝናብ ያልነካው ኩሬ

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ነው፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ አማትቤ ወሬ የምቀይር ሴት ነኝ፤ ከእግዚአብሔርና ከመላእክቱ በቀር በዓይን የማይታይ ነገር አስጨንቆኝ አያውቅም።

ቤታችን ከኮተቤ ወደ ተራራው በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ልጄ ትርሲት ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ስታጣ፣ ጓሯችንን አስቆፍራ፣ ወፍራም ላስቲክ አንጥፋ፣ ቆሮሶ ዓሣ ማርባት ጀመረች። ተመስገን፣ ገዢ አላጣንም። እሷ ታወጣለች፣ እኔ አጸዳለሁ፣ ሆድ ዕቃውን ደግሞ እግዜር የሰጠው አይጣልም ብዬ መልሼ ለዓሣዎቹ እበትንላቸው ነበር።

ያን ክረምት ዓሣዎቹ ከሱ። ምግብ ስንበትን አይመጡም፣ ጭንቅላታቸው ብቻ ቀርቶ ጀርባቸው እንደ ቢላ ስለት ሳሳ፣ አንዳንዱም ሆዱ ተነፍቶ በጎኑ ይንሳፈፋል። ትርሲት የዓሣ ባለሙያ ጠራች። ሰውዬው አንዱን ቀዶ አንጀቱን ገለጥ ሲያደርገው ነጫጭ ትሎች እንደ ክር ተጠቅልለው ሞልተውታል።

«የሚበላውን እነሱ ይቀሙታል፣ አንጀቱንም ያቆስሉታል» አለን። «ሆድ ዕቃውን የት ነው የምትጥሉት?»

«መልሼ ለእነሱ ነው የምሰጠው» አልኩ።

«እማማ፣ ትሉን ራስዎ እያጎረሷቸው ነዋ!»

ትርሲት እሱ እስኪሄድ ጠብቃ፣ «እማ፣ እነዚህ ካለቁ ቤሩት ነው የምሄደው፣ ፓስፖርቴ እንደሆነ ወጥቷል» አለችኝ። ቀልድ አልነበረም። የእህቴ ልጅ ቤሩት ከሄደች በኋላ ድምፅዋን ከሰማን ዓመታት አልፈዋል።

በማግስቱ ትርሲት ባለሙያው ያዘዘውን መድኃኒት ፍለጋ ከተማ ወረደች። ጎረቤቴ እትዬ ጫልቱ ደግሞ ከሾላ ገበያ የገዙትን ደረቅ ኮሶ ይዘውልኝ መጡ።

«እኛ ጥሬ ሥጋ በልተን ትል ሲይዘን በዚህ አልነበር እንዴ የምናወርደው? ዓሣ ከሰው ይበልጣል?» አሉ።

«መጠኑስ፣ እትዬ?»

«መራራ ይሁን እንጂ! እነሱ እንደሆኑ እንደኛ ፊታቸውን አያጨማድዱ!» ብለው ሳቁ።

እኔም ልክ መሰለኝ። ቀቀልኩት፣ አጠለልኩት፣ የቀላውን ውሃ በባልዲ ይዤ ወደ ኩሬው ሄድኩ፣ ሊመሽ ጥቂት ሲቀረው፣ ጉሙ ከእንጦጦ ወደ እኛ እየወረደ ሳለ።

መጀመሪያ የሰማሁት ሕፃን ጡት ሲጠባ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ነው፣ ከኩሬው ውስጥ። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ለቀናት ተበታትነው የከረሙት ዓሣዎች አፋቸውን ከውሃው አውጥተው ጎን ለጎን ተደርድረዋል፣ ፊታቸው ግን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ወዲያኛው ዳር ነው። ከዚያ ድምፁ ቀጥ አለ። ዝናብ ጀመረ፣ የቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድበው እሰማለሁ፣ ነጠላዬ በሰበሰ፤ እመኑኝ፣ ኩሬው ላይ ግን አንድ ጠብታ አላረፈም፣ ውሃው እንደ መስተዋት ተኝቷል።

ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፣ ሥራዬን ልጨርስ ብዬ ባልዲውን አነሳሁ። ዘንበል ሳደርገው ከወዲያኛው ዳር፣ ከጉሙ ውስጥ፣ «እማ፣ ተይው» አለችኝ ትርሲት። የራሷ ድምፅ ነው፣ ስትቆጣኝ እንደምትለው።

ባልዲውን አስቀምጬ፣ «መጣሽ እንዴ ልጄ?» አልኩ። ኩሬውን ዞሬ ወደ ወዲያኛው ዳር ሄድኩ። እዚያ ማንም የለም፣ መሬቱ ጭቃ ሆኖ ሳለ የእግር ዱካ እንኳ የለበትም። ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ።

«እማ፣ ገና መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ። መድኃኒቱን አግኝቻለሁ። እራት እንዳትጠብቂኝ።» ከኋላዋ ወያላው «ኮተቤ! ኮተቤ!» ሲል ይሰማኛል።

ቤት ስትደርስ የኮሶውን ድስት አየች፣ ጠየቀችኝ፣ ልጨምርላቸው ብዬ እንደተውኩት ነገርኳት። ወዲያው ባለሙያው ጋ ደወለች። ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች።

«ኮሶ ዓሣውንም ይገድላል ነው የሚለው። እማ፣ አንድ ሳታስቀሪ ልትፈጃቸው ነበር! ማን አስተወሽ?»

«ተውኩት በቃ» አልኳት።

ጠዋት ሳትነቃ ወደ ኩሬው ወጣሁ። ተመስገን፣ አንድም አልሞተም። ባልዲው ካስቀመጥኩበት አለ፣ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ውሃው ግን ከመጥራቱ የተነሣ ወለሉ ይታያል። ዝናብ ሞልቶት ነው እንዳልል፣ ቅላቱ የት ሄደ? ሽታውስ? ከኩሬው ራቅ አድርጌ ደፋሁትና ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሻማ አበራሁ፣ ስለ ልጄ አመሰገንኩ። የንስሐ አባቴ መስቀል አሳለሙኝና፣ ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ፣ «የምትነግሪኝ ነገር አለ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ያ ድምፅ ከእግዚአብሔር አይደለም ቢሉኝስ? በእሱ የተረፈውን ኩሬ ድፈኑት ቢሉኝስ? ትርሲትስ ቤሩት ብትሄድብኝ?

«የለም፣ አባ» አልኩ፤ መስቀሉንም ደግሜ ተሳለምኩ።