የኡስታድ ቤማን ነጭ ልብስ

የቆፋሪውን የኡስታድ ቤማንን አስከሬን ከጉድጓዱ ሲያወጡት ነጭ ልብስ ለብሶ ነበር። መንደርተኛው በልብሱ አልተገረመም። የመሬት ውስጥ ቦይ የሚቆፍር ሰው፣ አፈሩ ቢደረመስበት መቀበሪያ ከፈኑ እንዲሆነው ነጭ ለብሶ ነው የሚወርደው። ሰዲቄ ግን ዓይኗን ማመን አቃታት። የኡስታድን ነጭ ልብስ ጎህ ሲቀድ በገዛ እጇ አጥባ፣ ግቢዋ ካለው ሮማን ላይ አስጥታዋለች። ገና እያንጠባጠበ ነው።

ባሏን ያዱላህን አስረውታል። የጉድጓዱን ገመድ የሚይዘው እሱ ነውና «ለቆ ገደለው» አሉ። የሟች ልብስ ቤቷ ከተገኘማ መሰቀሉ አይቀርም። ወደ ቤቷ ሮጣ ልብሱን ባዶ የዱቄት ጋን ውስጥ ደበቀችና ተመለሰች።

እኩለ ቀን ላይ መርማሪ ካዜሩኒ ከያዝድ ከተማ ደረሰ፤ አጭር፣ ድምፁ የማይሰማ ሽማግሌ ነው።

«ጠዋት ገመዱን የያዘው ማነው?»

«ያዱላህ ነዋ፤ ሌላ ማን ሊሆን?» አለ የመንደሩ የውሃ አባት ሚርዛ ኤባድ፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ። «እኔም ቆፋሪ ነበርኩ። ጉልበቴ ከተሰበረ በኋላ እንኳ ሁለት ዓመት ወርጃለሁ። ገመድ የያዘ ነፍስ ነው የያዘው።»

«እኔ ቤቴ ነበርኩ፣ ጌታዬ» አለ ያዱላህ። «ኡስታድ ማታ ‹ልቤ ከብዶኛል፣ ነገ አልወርድም› አለኝ። ቆፋሪ እንዲህ ካለ ማን ያስገድደዋል?»

«ታዲያ ነጩን የለበሰው ሰርግ ሊሄድ ነው?» አለ ሃጂ ሳድሪ፣ ሆዱ የሚቀድመው ባለ አትክልት።

«እርስዎም ከሟች ጋር ተጣልተው ነበር አሉ» አለው ካዜሩኒ።

«ውሃዬ ለምን ቀነሰ ብዬ ነው። ‹አርብ መስጊድ ለሁሉም እናገራለሁ› አለኝ። እኔ እንኳን ሰው ልጥል ጫማዬን የሚያስርልኝ ሰው ነው።»

ካዜሩኒ አስከሬኑን ገልብጦ ጀርባውን አየ። አንገትጌውን አሸተተ። ከዚያ አንዱን ወታደር ፋኖስ አስይዞ ወደ ጉድጓዱ አወረደና፣ ራሱ ወደ ሰዲቄ ቤት አመራ።

ሻይ አቀረበችለት። እሱ ስኳሩን በጥርሱ ይዞ ቀስ ብሎ ጠጣ።

«እህቴ፣ ዝናብ ከጣለ አራት ወር ሆኖታል። ከሮማኑ ሥር ያለው አፈር ግን እርጥብ ነው።»

ዓይኗ ወደ ጋኑ ሄደ።

«ባሌን ይሰቅሉታል» አለች።

«ዝም ካልሽ፣ አዎ።»

ጋኑን እስክትከፍት ያለው ጊዜ ዓመት መሰላት። «የኡስታድ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የማጥብለት እኔ ነኝ።»

«ሌላስ የለውም?»

«ይቺው ብቻ። ‹ሁለት ከፈን ያለውን ሞት ሁለቴ ይጠራዋል› ይል ነበር።»

«ይዘሽው ተከተይኝ።»

ሁሉንም ጉድጓዱ አፍ ላይ ሰበሰባቸው። ሰዲቄ ልብሱን ከላይ በተከናነበችው ቻዶር ሥር አቅፋ ቆመች። ቅዝቃዜው ደረቷ ድረስ ዘልቋል።

«ያዱላህ፣ እዚህ የወረደ ሰው ጀርባው ምን ይመስላል?»

«ጭቃ ብቻ። ጀርባን ከግድግዳው ሳያጣብቁ አይወረድም።»

«የኡስታድ ጀርባ ንጹሕ ነው። ጭንቅላቱ ተፈንክቶ አንገትጌው ላይ ደም የለም። ከሞተ በኋላ አልብሰው ጣሉት፤ ገመዱ ተለቆበት የወደቀ እንዲመስል። ግን የራሱ ልብስ ቤቱ አልነበረም። አሳዪያቸው፣ እህቴ።»

ሰዲቄ እርጥቡን ልብስ ዘረጋችው። ሰዉ አጉረመረመ።

«ስለዚህ ገዳዩ የራሱን አመጣ። ሃጂን እዩአቸው፤ አንድ እግራቸውም አይገባበት። ያዱላህ ወርዶ ስለማያውቅ ነጭ ልብስ የለውም። አስከሬኑ የለበሰው ይህ ልብስ የእጥፋቱ መስመር አልለቀቀም፤ ብል እንዳይበላው ከትምባሆ ቅጠል ጋር ሳጥን ውስጥ ዓመታት ከርሟል። ቀኝ ጉልበቱ ላይ ደግሞ ጥጥ ተሞልቶ ድርብ ተሰፍቷል።»

የሁሉም ዓይን ወደ አንድ እግር ዞረ።

«ወታደሩ ከዋናው ቦይ ወደ እርስዎ ማሳ የተፈለፈለ ቀዳዳ አግኝቷል፣ ሚርዛ። ኡስታድ አርብ ሊናገር የነበረው ይህን ነው።»

ሚርዛ ኤባድ አስከሬኑን ትኩር ብሎ አየ። «እናቴ ናት የሰፋችልኝ» አለ። «ልቀበርበት ነበር።»

ያዱላህን ሲፈቱት ሰዲቄ አላለቀሰችም።

«ኡስታድ በሰው ከፈን አይቀበርም» አለች።

«እርጥብ እኮ ነው» አላት ያዱላህ።

ልብሱን መልሳ ከሮማኑ ላይ አሰጣችውና ከሥሩ ተቀመጠች። ያዱላህም አጠገቧ ተቀመጠ። እስኪደርቅ ድረስ ጫፉን አልለቀቀችም።