ባትሪው ያለቀበት እሁድ

ሽማግሌው የሞቱት በቆመ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ነው፤ በጥድፊያ ያጠለቁላቸው ጫማ የግራው በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ገብቶ ነበር። ሐኪም ቤቱ በመኪና ሩብ ሰዓት ቢያስኬድ ነው። ባለፈው ዓመት አራት ጊዜ ልባቸው ደክሞ፣ ሳንባቸው ውሃ ቋጥሮ፣ አራቱንም ጊዜ በዚያችው መኪና ደርሰው ተርፈዋል። በአምስተኛው ግን መኪናዋ አልነሳም አለች፤ ዘግይቶ የደረሰው አምቡላንስም ዓይናቸውን ከመክደን በቀር ሥራ አልቀረለትም።

ጥፋተኛው ለመገኘት ግማሽ ቀን አልፈጀም። ሃያ ዓመት ያገለገላቸው ሹፌር ቅዳሜ መኪናዋን ሲያቆም የፊት መብራቱን ሳያጠፋ ሄዷል ተባለ፤ ባትሪው አልቋል፤ ሰው ሞቷል። የሟች ሴት ልጅ በለቀስተኛ ፊት ምራቋን ተፋችበት። ታላቅ ወንድሟ፣ ጡረታ የወጣው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ «ቸልተኝነት ከነፍስ ግድያ በምን ያንሳል?» የሚል ክስ በገዛ እጁ ጽፎ ለፖሊስ ሰጠ።

መዝገቡ የደረሳት መርማሪ ቀጭንና ቁጥብ ሴት ነበረች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ስትገባ አትታወቅም፣ ስትወጣ ግን ክሩ አብሮ ይመዘዛል። ሐሙስ ጠዋት ሹፌሩን ከእስር አስጠራችው።

«መብራቱን አጥፍተሃል ወይስ አላጠፋህም?»

«እንጃ፣ እትዬ። መጀመሪያ አጥፍቻለሁ ብዬ ነበር። አራት ቀን ሙሉ አላጠፋህም ሲሉኝ ግን በሕልሜም በርቶ አየሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው ይጻፉት። ጋሼን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።»

«ስንት ሰዓት ላይ አቆምካት?»

«ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።»

«ፀሐይ ነበር?»

«አናት የሚበሳ!»

«ታዲያ በጠራራ ፀሐይ መብራት ምን ያደርግልሃል?»

መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ ብዙ ደም አይታለች፤ ንጹሕ ሰው ላይ የገዛ ሕልሙ ሲመሰክርበት እንደማየት ግን ያስመረራት አልነበረም።

ከዚያ ወደ ሟች ቤት ሄደች። ሴት ልጃቸውን የአባቷን አንሶላ ስታጣጥፍ አገኘቻት።

«ከዓርብ ጀምሮ መድኃኒታቸውን የሚሰጣቸው ማን ነበር?»

«ወንድም ጋሼ። ሊጠይቃቸው መጥቶ እዚሁ ሰነበተ። ‹አንቺ ዕረፊ፣ እኔ እሰጣቸዋለሁ› አለኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ዕረፊ ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።»

«እሁድ ጠዋትስ?»

«አባዬ ትንፋሽ አጠራቸው። ተሸክመን አስገባናቸው። ወንድም ጋሼ ቁልፉን ቢያዞረው ጭጭ! የበሩ መብራት እንኳ አልበራም። ጎረቤት ልጠራ ክላክሱን በሁለት እጄ ተጫንኩት፤ እሱም ድዳ። ከዚያ እሱ አምቡላንስ ሊጠብቅ ወደ አስፋልቱ ሮጠ፣ እኔ ጮኼ ኤሌክትሪሺያኑን ጠራሁ።»

«ልታገቢ ነው አሉ?»

«በሚቀጥለው ወር። አባዬም ወንድም ጋሼ ቤት ሊገቡ ነበር። ‹አሁንስ ተራው ያንተ ነው› ብለውት ተቆርጧል።»

የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ ጋራዥ ከአጥሩ ማዶ ነው።

«ከእኔ መኪና በኬብል አገናኘሁት፣ እትዬ» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ማስነሻው ሞተሪኖ ዞረ፤ ሞተሩ ግን እህ ብሎ ጠፋ። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይዋ የቁልፍ ምልክት ብልጭ ድርግም ትላለች። ኢሞቢላይዘር የሚሉት የሌባ መከላከያ ነው፤ ቁልፉ ውስጥ ያለችውን ቺፕ ካላወቃት፣ ቢለምኑትም አያስነሳም።»

«ባትሪ ሲያልቅ ይረሳታል?»

«አንዳንዱ ይረሳል። ያኔ ኮድ እስኪሰጡት ድረስ አሻፈረኝ ይላል። እኔም የመሰለኝ ይኸው ነው።»

መርማሪዋ ፖሊስ ጣቢያ የነበረውን የዚያን ዕለት ቁልፍ ሰጠችው። የተሞላ ባትሪ ገጠመና አዞረው። መኪናዋ በአንዴ ተነሣች።

ኤሌክትሪሺያኑ ጭንቅላቱን አከከ። «ኮድ የሰጠው የለም እኮ! እንግዲህ የረሳው መኪናው አይደለም። እሁድ ቁልፉ ውስጥ ቺፕ አልነበረም።» የቁልፉን ሽፋን ከፈተው፤ ጠርዙ በስለት ተፈልቅቋል፤ ጭረቱም ገና አዲስ ነው።

ዳይሬክተሩን በመጨረሻ ጠየቀችው። ሁሉን ከሰው በፊት ማወቅ የሚወድ፣ ተማሪ እንደሚገሥጽ የሚናገር ሰው ነበር።

«ቁልፉን ለፖሊስ ያስረከቡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔው ነኝ፤ ሰኞ። እሁድ ኤሌክትሪሺያኑ ከመለሰልኝ ወዲህ እስከዚያ ከኪሴ አልወጣም።»

«መኪናዋ በሌባ መከላከያው መቆለፏንስ መቼ አወቁ?»

«ወዲያው ነዋ! ኤሌክትሪሺያኑ ገና ሳይመጣ። ቁልፉን ሳዞር ቀይዋ ምልክት ብልጭ ድርግም ስትል፣ ‹በቃ፣ ያ ቸልተኛ ጉድ ሠራን› አልኩ።»

«በዓይንዎ አዩ?»

«መነጽሬን አድርጌ ነበር፣ ሴትዮ።»

«ኬብሉ ሲገናኝስ?»

«አስፋልት ላይ ነበርኩ። ተመልሼም ወደ መኪናዋ አልቀረብኩም።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው፤ ሹፌሩ እጁ እንደታሰረ በሩ አጠገብ ቆመ።

«ባትሪው ጨርሶ ደርቆ ነበር» አለች። «የበር መብራት አላበራም፤ ክላክስም አላስጮኸም። ያቺን ቀይ ምልክት ታዲያ በምን አቅሙ ያበራታል? የበራችው ኬብሉ ሲገናኝ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዳይሬክተሩ አስፋልት ላይ ነበሩ። እንግዲህ የት አዩአት?»

ወደ ዳይሬክተሩ ዞራ ቀጠለች።

«ያዩአት ቅዳሜ ነው፤ ሹፌሩ ቁልፉን ቤት ትቶ ከሄደ በኋላ፣ ባትሪው ደኅና ሳለ። ቺፗን አውጥተው ባዶውን ቁልፍ ሞከሩት። ምልክቷ ስትበራና ሞተሩ እንቢ ሲል ደስ አላቸው። ከዚያ መብራቱን አብርተው ባትሪውን አደረቁት። ለምን ሁለቱንም? ቁልፍ እንቢ ሲል ሰው ቁልፉን ይመረምራል፤ ባትሪ ሲያልቅ ግን ሹፌሩን ነው የሚመረምረው። የሐኪሙ ምርመራ ደግሞ በሟች ደም ውስጥ መድኃኒት አላገኘም። ከዓርብ ጀምሮ አልተሰጣቸውም። ከቀብር መልስ ቺፗ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ቁልፉም ከዳይሬክተሩ ኪስ አልወጣም። ይህ ሁሉ ለምን? ተራቸው ስለደረሰ። እህታቸው አሥራ አንድ ዓመት የተሸከመችውን፣ እሳቸው አንድ ቀን መሸከም አልፈለጉም።»

«ወንድም ጋሼ» አለች እህቱ፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። «ብትነግረኝ ሠርጌን እተወው ነበር እኮ!»

ዳይሬክተሩ መነጽሩን አውልቆ በቀስታ ወለወለ።

«አታልቅሺ፣ እቱ፤ አያምርብሽም። አሥራ አንድ ዓመት በየጠዋቱ በራቸውን ስትከፍቺ፣ ‹ምነው ዛሬስ ሞተው ባገኘኋቸው› ያላልሽበት ቀን አለ? እስቲ አለ በዪኝ! አንቺ ተመኘሽ፣ እኔ አደረግሁት። በመካከላችን ያለው ልዩነት ድፍረት ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ‹አለ› የሚል አንድ ቃል ይበቃት ነበር። አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን አልወጣም፤ ቀስ ብላ በአንሶላው ክምር ላይ ተቀመጠች።

መርማሪዋ የሹፌሩን ካቴና ፈታችው። ሹፌሩ የቆሰለ አንጓውን እያሻሸ፣ ማንንም ሳያይ፦

«እኔ አንድም ቀን ተመኝቼው አላውቅም» አለ፤ በሩንም ከፍቶ ወጣ።