ለምሳሌ፣ አያቴ

መንትዮቹ በአንድ ወንበር ይጣላሉ፣ ሕፃኑ ወለሉን በማንኪያ ይደበድባል፣ የአያቷ ሬዲዮ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያንባርቃል። እሳቷ በዚህ መሀል ቆማ ስለ ዓለም ሕዝብ ብዛት ንግግር ትለማመዳለች። «እሳቷ» ያሏት ቤተሰቦቿ ናቸው፤ ቶሎ ስለምትቀጣጠል። ዛሬ ደግሞ ማገዶ አልጎደለባትም።

«የዓለም ሕዝብ ከስምንት ቢሊዮን በላይ ደርሷል» አለች ለግድግዳው። ግማሹ እዚሁ ሳሎን ውስጥ ያለ መሰላት።

ንግግሩ ለሐሙስ ነው፤ የጂኦግራፊ መምህሩ ትልቅ ማርክ ይዘውበታል። ሥራው የሁለት ሰው ነበር፤ የእሷና የጓደኛዋ የጋዜጣ። ጋዜጣ የተባለችው ወሬ ስለማያመልጣት ነው፤ እስካሁን ያበረከተችውም የድምፅ መልእክት ብቻ ነው። አንቺ ጻፊ፣ እኔ አነባለሁ፣ ድምፄ ያምራል ትላለች። ትናንት ደግሞ ምክር ጨመረችበት፦ «አቦ ይሄ ነገር ደርቋል። ከቤታችሁ ምሳሌ ክተቺበት። የናንተ ቤት እኮ ራሱን የቻለ ቢሊዮን ነው።» እሳቷ ጨሰች። ምክሩን ግን ወሰደችው።

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ሰው ከእህል ይልቅ በፍጥነት ስለሚበዛ ረሃብ አይቀርም ያለውን ሊቅ አሳልፋ፣ የለም፣ ሰው ሲበዛ መላውም ይበዛል ካለችው ምሁር ደረሰች። ከዚያ የሕዝብ ዕድገት ደረጃዎቹን በቃሏ ወጣቻቸው፦ የሚወለደውም የሚሞተውም የሚበዛበት፣ ሞት የሚቀንስበት፣ ልደትም ተከትሎ የሚቀንስበት፣ በመጨረሻ ሁለቱም ዝቅ ብለው አረጋውያን የሚበዙበት። ብዙ አገሮች ወደዚህኛው እየሄዱ ነው፣ የዓለም ሕዝብ ዕድገትም ፍጥነቱ እየቀነሰ ነው ብላ፣ እዚህ ቤት ግን ወሬው ገና አልደረሰም ስትል በሆዷ አጉረመረመች።

«ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ያሉና ከስልሳ አራት በላይ የሆኑ ጥገኞች ይባላሉ» አለች ድምፅዋን ከሬዲዮው በላይ ከፍ አድርጋ። «የሚሠራው ክፍል ይሸከማቸዋል።» እስክሪብቶዋን ወደ መንትዮቹ ቀሰረች፣ ከዚያ ወደ ሕፃኑ፣ በመጨረሻ ወደ ሶፋው። «ለምሳሌ፣ አያቴ።»

ሬዲዮው ጠፋ። እሳቷ እፎይ አለች። ለምን እንደጠፋ ግን አልጠየቀችም።

አያቷ ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ የሚተኙት ሳሎኑ ሶፋ ላይ ነው፤ እሷ የምታጠናበት ጠረጴዛ እግራቸው ሥር ነው ማለት ነው። በጊዜ ይተኛሉ፣ ጎህ ሳይቀድ ይነሣሉ፣ ያንኮራፋሉ፣ ዜና ያዳምጣሉ። እናቷ እንደምትለው ሲጠሯቸው አይሰሙም፤ ሲያሟቸው ግን ከጎረቤት ቤትም ይሰማሉ። የዚያን ዕለት ማታ ራት ላይ ሳህናቸውን ወደ መሀል ገፍተው የሚሠሩት ይብሉ አሉ። ሁሉም ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

በማግስቱ እሳቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ በር ላይ ጠበቀቻት። አያትየው ጠዋት የመሣሪያ ቦርሳቸውን አንግተው ወጥተዋል። ከመውጣታቸው በፊት ለወንድ ልጃቸው፣ ለእሳቷ አጎት፣ ደውለው ቅዳሜ ጠቅልለው እሱ ዘንድ እንደሚገቡ ነግረውታል። አጎትየው ያለው ሩቅ ከተማ ነው። እዚያ ከገቡ በዓመት አንዴ ቢያዩዋቸው ነው።

«ምን ብለሻቸው ነው?» አለች እናቷ።

«ምንም አላልኩም። ከመጽሐፉ ነው ያነበብኩት።»

«ምን የሚሉት መጽሐፍ ነው አባቴን ከቤት የሚያስወጣ?»

እሳቷ ቃሉን ነገረቻት። እናቷ የያዘችውን ፎጣ ወንበሩ ላይ ወረወረችው።

«ጥገኛ? አባቴ የሆድ ትል ናቸው እንዴ?»

እሳቷ ይህ አልታያትም ነበር። በባዮሎጂ መጽሐፋቸውም ይኸው ቃል አለ፤ እዚያ ግን የሚወራው ስለ ትልና ስለ ቅማል ነው። በጂኦግራፊ ሌላ ነው፣ የዕድሜ ክፍል ነው፣ ስድብ አይደለም እያለች አብራራች። እናቷ ግን ያስቀየመ ይመልስ ብላ በሩን ከፈተችላት። ቃሉን እኔ አልፈጠርኩት፣ እኔ ምን ዕዳዬ ነው እያለች ደረጃውን ወረደች። የሊፍቱ መበላሸት ደግሞ አበገናት።

አያቷን ያገኘቻቸው ከመንገዱ ማዶ ባለው የእንጨት ሥራ ቤት ነው። ሥራ ፈልገው ነበር የገቡት። ባለቤቱ ልጅ እግር ነው፤ እምቢ አላላቸውም። ወንበር ሰጥቶ፣ ሻይ አስመጥቶ፣ እርስዎ ይረፉ አባባ ብሎ ከበሩ አጠገብ አስቀመጣቸው። ወጣቶቹ በኤሌክትሪክ መጋዝ ሲቆርጡ፣ እሳቸው ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሰጋቱራ ለብሰው ይመለከታሉ። ሻዩ አልተነካም። እሳቷ ይህን አይታም ንዴቷ አልበረደም።

«አባባ፣ ቤት እንሂድ። እማዬ እየጠበቀችዎት ነው።»

«ሥራ ላይ ነኝ» አሉ።

ብዙ ለምና አስነሣቻቸው። ቦርሳውን ልያዝልዎ ብትል እምቢ አሉ። መንገዱን እስኪሻገሩ ስለ ቃሉ ስታስረዳ፣ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ስሌት መሆኑን ስትነግራቸው ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ ተራመዱ። ሕንጻው በር ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«የሚወለደውም የሚሞተውም የሚበዛበት ያልሽው፣ ስንተኛው ነበር?»

«አንደኛው ደረጃ።»

«እሱ እናቴ ናት» አሉ። «ብዙ ወለደች። ያደግነው እኔና እህቴ ብቻ ነን። እሷ ደረጃ መሆኑን አላወቀችም፤ ስታለቅስ ነው የኖረችው።»

እሳቷ ያንን ዓረፍተ ነገር ሳምንቱን ሙሉ እንደ ስልክ ቁጥር ስትሸመድደው ነበር የሰነበተችው። አፈረች።

ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። ክንዳቸውን ልትይዝ ስትል አሸሹት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የእጅ መደገፊያውን እየዳበሱ፣ ይህን የሠራ ሰው አናጺ አይደለም እያሉ ቆዩ። ትንፋሻቸው እንዳጠራቸው ግልጽ ነበር። ጥቂት ወጥተው ደግሞ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«ቃሉ የመጽሐፉ ነው» አለች እሳቷ ከፊታቸው ቆማ። «እስክሪብቶውን የቀሰርኩት ግን እኔ ነኝ።»

«አይቻለሁ።»

«ሳሎኑን ፈልጌው ነው። ማጥናት አልቻልኩም። በጣም ሰልችቶኝ ነበር።»

«እኔስ? ባንቺ ጩኸት ዜና ሰምቼ አውቃለሁ?»

ይህን ያሉት በንዴት ነበር፤ እሷም ልትቆጣ ምንም አልቀራት። ዋጠችው። አያቷ ጉልበታቸውን አሹ።

«መጽሐፍሽ ከስንት ዓመት በታች ነው ያለው?»

«ከአሥራ አምስት።»

«አንቺስ ስንት ነሽ?»

መንትዮቹን ቆጥራለች፣ ሕፃኑን ቆጥራለች፣ ሶፋውን እንኳ አልረሳችም።

«አሥራ አራት» አለች ቀስ ብላ።

አያቷ አልሳቁባትም። አጠገባቸው ያስቀመጡትን ቦርሳ አንሥተው ወደ ሌላው ጎናቸው አዞሩት።

«ጠጋ በይ» አሉ።

ተቀመጠች። ደረጃው ለሁለት ሰው ይጠባል፤ ትከሻቸው ሰጋቱራ ሰጋቱራ ይሸታል። ከቦርሳዋ ወረቀቱን አውጥታ «አያቴ» የሚለውን ሰረዘችና ከላዩ «እኔ» ብላ ጻፈች። ይህቺን መስመር ለጋዜጣ አትተዋትም፣ ራሷ ታነባታለች፤ ክፍሉ እንደሚስቅባት ታውቃለች። ይሳቁ።

«ቅዳሜ ይሄዳሉ?» አለች ቀና ሳትል።

«ጉልበቴ ይረፍና አስብበታለሁ።»

«እንግዲያው እንረፍ።»

ከላይ መንትዮቹ እየተጣሉ ስሟን ሲጠሩ ይሰማታል። አልተነሣችም።