ያልበረደው ገላ

እማማ ካሰች ታኮማ ፓርክ ዘመድ ጠይቀው ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ቤታቸው ማታ ሲመለሱ፣ ልጃቸውን አምሃን ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ታንቆ ተገድሎ አገኙት። ገላው ሞቃት ነበር። ዘግይቶ የደረሰው ሐኪም ሙቀቱን ለክቶ «ሲመሽ ነው የሞተው» አለ። ሲመሽ ደግሞ ቤት የነበረችው ሚስቱ ስሂን ብቻ ናት። አለቀላት!

መርማሪው ልሳነወርቅ ለቅሶ ቤቱ መጥቶ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ፖሊስ መሆኑን ያወቀ ሁሉ ፊቱን አዞረበት። እማማ ካሰች ግን ደረታቸውን እየደቁ ሙሾውን ያወርዱታል፦

«ገላህ ሞቆ ቢቆይ ተስፋ ሸነገለኝ፣
አውራ ጣትህን ባስር እግርህ እምቢ አለኝ።»

ቀደም ሲል የፖሊስ አስተርጓሚ ይህንኑ ሙሾ «እያለቀሱ ነው» ብሎ አልፎት ነበር። አማርኛ የሚሰማው ልሳነወርቅ ግን ብድግ አለ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እውነት ሐኪሙ ሳይደርስ የእግሩን አውራ ጣቶች ሊያስሩ ሞክረው ነበር?»

«ታዲያስ! ልጄን ሳልገንዘው ለባዕድ ልስጠው? እግሩ ደርቆ አልገጥም አለኝ እንጂ!»

«ምን ለብሶ ነበር?»

«ያችን ስስ ጃኬት፣ እስከ አንገቱ ተቆልፋ። እሷ ደግሞ ምን ታሞቃለች!»

ስሂን ቀና አለች። «ጃኬቷ እኮ ከኮሌጅ ፓርኩ ላብራቶሪ ወጥታ አታውቅም። ሎክ አድርጎ የሚቆልፍባት እንግዳወርቅ ነው፤ አምሃ እንኳ ሲፈልጋት ስልክ ኮል የሚያደርገው እሱን ነው።»

እንግዳወርቅ የሟች ታናሽ ወንድም ነው፤ ጃኬቷን ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው አብረው የሠሯት። እሱም ለቀስተኛው መሀል ተቀምጧል።

በማግስቱ ልሳነወርቅ ከላብራቶሪው ተመልሶ ለቀስተኛው መሀል ቆመ።

«ጃኬቷ ዓይን የማያያቸው እልፍ ንጣፎች ተደራርበውባታል። ሙቀት በአንዱ ንጣፍ ላይ እንዳሻው ይሮጣል፤ ወደ ሌላው ልሻገር ሲል ግን በየድንበሩ ይያዛል። ሐኪሙን ያሳሳተችው እሷ ናት። እግሩን ግን አልሸፈነችም። ገና ሲመሽ የሞተ ሰው እግሩ ወዲያው እንዲያ አይደርቅም፤ ሰዓታት ይፈልጋል። አምሃ የሞተው በቀን ነው። በቀን ስሂን አሌክሳንድሪያ ሥራዋ ላይ ነበረች። እዚህ አብሮት ምሳ የበላው እንግዳወርቅ ነው፤ ጃኬቷን ከላብራቶሪው አውጥቶ ሊያለብሰው የሚችልም እሱ ብቻ ነው። ፓተንቱ፣ የፈጠራ መብቱ ወረቀት ላይ አምሃ ስሙን ስላስቀረበት መጣላታቸውንም ሁላችሁም ታውቃላችሁ።»

«በሙሾ ሰው ይከሰሳል?» ጮኸ እንግዳወርቅ። «እማዬ፣ ተሳስቻለሁ በያቸው! እግሩን የነካሽው አንቺ ብቻ ነሽ!»

አይ የእናት ሆድ! «ተሳስቻለሁ» ቢሉ አንድ ልጅ ይቀርላቸዋል፤ ስሂን ግን ባልሠራችው ዕድሜዋን እስር ቤት ትጨርሳለች። እማማ ካሰች ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አነሱ።

«ደርቆ ነበር» አሉ።

እንግዳወርቅን ሲያወጡት ዞሮ እንኳ አላያቸው። ስሂን እያለቀሰች ጉልበታቸውን ልትስም ብታጎነብስ፣ እማማ ካሰች ገፋ አደረጓት።

«ማውጣቱን አውጥቼሻለሁ፤ አንቺን ማየቱን ግን አልችለውም። ሂጂልኝ» አሉ።