ከካውያው ገመድ የጠፋው ላስቲክ

ሠላሳ ዓመት የሰው እድፍ ሲያሹ የኖሩትን አሮጊት የጠየቃቸው ሰው የለም። መርማሪው የሟቹን ሚስት ጠየቀ፤ ወንድሙን ጠየቀ፤ ጎረቤት ያለውን ጸጉር አስተካካይ ሳይቀር ጠየቀ። እሳቸውን ግን «እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ» አላቸው፤ ባልዲ የሚያነሳ ይመስል።

የላውንደሪው ባለቤት ካውያ ክፍሉ ውስጥ በጀርባው ተዘርግቷል። ባዶ እግሩን ነው። ሶሉ እንዳያልቅ ብሎ ቤት ውስጥ ጫማ አያደርግም ነበር፤ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ እንኳ። ጠዋት ካውያውን የሚሰካው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ከሰካው ቆጣሪው ይሮጣል ባይ ነው። አዲስ ገመድ ላለመግዛት የተላጠውን በቀይ የብስክሌት ላስቲክ እየጠቀለለ አምስት ዓመት ገፋበት። ዛሬ ገመዱ ራቁቱን ቀርቷል፤ የሰውየውም መዳፍ ጠቁሯል።

ሚስቱ ገብታ አየችው፤ ከዚያ መብራቱን አጠፋች። «እሱ አያይ፣ ለማን ይበራል?» አለች።

መርማሪው ካቴና ያጠለቀው ልብስ በምትተኩሰው ልጅ፣ በአሮጊቷ የልጅ ልጅ እጅ ላይ ነው።

«ማታ የመጨረሻዋ ሠራተኛ እሷ ናት። ላስቲኩ ሲወድቅ አይታ ዝም ብላለች።»

«ወድቆ ከሆነ የታለ?» አሉ አሮጊቷ።

«እማማ፣ እባክዎ…»

«ይህን ወለል የምጠርገው እኔ ነኝ። ዛሬ አልጠረግሁትም፤ ሬሳ ተጋድሞበታል። ፈልገዋ!»

ጠረጴዛው ሥር ፈለገ፤ ቅርጫቱን ገለበጠ። «የለም» አለ፤ ድምፁ ቀነሰ።

«እንግዲያው ሁሉንም ወዲህ ጥራልኝ።»

ሁሉም ሬሳውን ከበው ቆሙ። አሮጊቷ መጀመሪያ ወንድምየውን ያዙት።

«ወንድምህ ማታ ማታ በር ላይ ቆሞ ምን ያደርግ ነበር?»

«ይፈትሸን ነበር። የሸሚዝ ቁልፍ እንዳንወስድበት። እኔን ወንድሙን ካልሲ ያስወልቀኝ ነበር፤ ትናንትም።»

«የኔን ልጅስ?»

«ጸጉሯን ሳይቀር አስፈታት።»

«ከዚያስ?»

«ቆልፎ ከሚስቱ ጋር ፎቅ ወጣ።»

«ሰማህ?» አሉት መርማሪውን። «ላስቲኩ እዚህ የለም፤ በተፈተሸ ሰው ኪስም አልወጣም። ሌላ ገዳይ ቢሆን ሽንት ቤት ይጥለው ነበር። የዚህ ቤት ሰው ግን ብጫቂ ጨርቅ መጣል አይሆንለትም። እትዬ፣ ጃንጥላዎን እስቲ ያምጡት።»

የጃንጥላው እጀታ በቀይ ላስቲክ ተጠቅልሏል።

«የቆየ ነው» አለች ሚስቲቱ።

«ትናንት ሲባጎ ነበር። ያቀበልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ፤ «እርስዎ» ማለቱ እዚያ ላይ ቀረ።

መርማሪው ላስቲኩን ፈታው። መሃሉ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ።

«እኔ ነኝ በካውያ ያቃጠልኩት» አለች ልጅቷ። «ለሱ ጥፊ ቀምሻለሁ።»

ሚስቲቱ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ልጄን ትኩሳት የያዛት ሐሙስ ነበር። ሰኞ በግማሽ ዋጋ ያክማሉ፣ ጠብቂ አለኝ። እሁድ ሞተች። ሣጥኗን አሮጌ ቁም ሣጥን አፍርሶ ሠራው። አጭር ሆነባት።»

ወንድምየው አንገቱን ደፋ። መርማሪው እንኳ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ። አሮጊቷ ግን አልተነቃነቁም፤ ያቺን ሕፃን አጥበው፣ ሣጥኑ እንዲበቃት ጉልበቷን ያጠፉት እሳቸው ናቸው።

«ለልጅሽ አልቅሼልሻለሁ። የኔዋ ስትታሰር አንዲት ቃል መተንፈስ አቃተሽ?»

«ወጣት ናት፤ ጥቂት ዓመት ነው፣ ትወጣዋለች ብዬ…»

«እስር ቤቱም በግማሽ ዋጋ መሰለሽ?»

ከዚያ ወደ መርማሪው ዞሩ።

«አንተ ደግሞ ና። መጀመሪያ ካቴናውን ፍታላት። ቀጥለህ ያን ወረቀት አውጣና አጣቢዋ ያለችውን በሙሉ ጻፍ፤ ፈቀቅ በይ ያልካትንም ጭምር። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ጆሮዬ ግን ደህና ነው። ስትጨርስ ጮክ ብለህ አንብብልኝ፤ አንዲት ቃል ብትጎድል እንደገና ትጽፈዋለህ።»