እርጥብ ጭቃ

ራውዳ ወንዙን ያጠፋችው በጋው እንደገባ ነበር። ዝናብ ከዚህ የባሕር ጠረፍ ከራቀ ወዲህ ወንዙ ክረምት ላይ በቧንቧ ይከፈታል፤ በጋ ላይ ይዘጋል። ሥራው የእሷ ነው።

በወንዙ የምትኖረው ዓሣ ጣት አታክልም። ውሃው ሲያልቅ ትልልቆቹ ይሞታሉ፤ እንቁላሎቻቸው ግን በደረቀ ጭቃ ውስጥ ተኝተው ውሃ እስኪመለስ ይቆያሉ። ጭቃው ካልደረቀ ይበሰብሳሉ። ዘንድሮ በዓለም ላይ የቀሩት እዚህ የተኙት ብቻ ነበሩ።

ጭቃውን የሚጠብቀው ጠል ለቃሚው ነው፤ ከአየር ላይ ጠል እያጠራቀመ ለመንገደኛ ውሃ የሚቀዳ፣ የአገሩን ወግ ከሰው እያየ የሚማር ባለ አራት እግር ማሽን። ማንም ውሃ እንዳያፈስ አዝዛዋለች። በየጠዋቱ «ደርቋል» ይላታል።

ዛሬ ናሙና ልትወስድ ስትወርድ ቢላዋዋ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። ሽታው አፍንጫዋን መታት።

«ይሄ ደረቅ ነው?»

«ደርቋል» አለ ማሽኑ።

የእርጥበት መለኪያው ተበላሽቷል ብላ የማሽኑን ሆድ ፈታች። መለኪያው ደህና ነው። የውሃ ቋቱ ግን ባዶ ነበር። የቧንቧ ጣቢያውን ዕቃ ጠጋኝ ሁመድን ጠራችው።

«ጋሽ ሁመድ፣ ውሃው የት ሄደ?»

ሁመድ ጢሙን አሻሸ። «የሱን አላውቅም። እኔ አንዳንድ ኩባያ ጣል አደርግ ነበር።»

«እንዳያፈሱ አልነገርኩዎትም?»

«ባሕር ማዶ ተምረሽ መጥተሽ ጥም መድኃኒት ነው ስትዪ ማን ይመንሽ? እነዚያ ሚጢጢዎች በጥም ሲያልቁ አይቼ ልለፋቸው? ኩባያ ውሃ ደግሞ ወንዝ አይሆንም፣ ልጄ።»

«ማሽኑ አላየዎትም?»

«አየኝ እንጂ። ሰደቃ በስውር ነው፣ ግራ እጅ እንኳ አታውቅም፣ ዝም በል አልኩት።»

ራውዳ ወደ ማሽኑ ዞረች። «አንተም አፍስሰሃል?»

 

«የሰጠሁትን አልናገርም» አለ ማሽኑ።

አንዱን እንቁላል በማጉያው ሥር አስቀመጠች። ውስጡ ደፍርሷል። ሌላውም። ከዳር ከዳር እየቆፈረች አወጣች፤ ሁሉም ያው ነው።

«ማራገቢያ ላምጣ?» አለ ሁመድ። «አሁን ብናደርቀውስ?»

«የበሰበሰ ቢደርቅ ምን ይሆናል?»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

«ምንም።»

«ከመጀመሪያውም ምንም ማድረግ አልነበረብንም?»

«አልነበረብንም።»

ሁመድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ራውዳ ከማሽኑ ሆድ ውስጥ የማስረሻ ቁልፉን አገኘችው። አንዴ ብትጫነው ከሰው የተማረው ሁሉ ይጠፋበታል፤ የተጠማ እያየ የሚያልፍ፣ የታዘዘውን ብቻ የሚያደርግ ይሆናል። እንዲህ ያለ ማሽን ቢሆን ኖሮ ሁመድንም ይከለክለው፣ ዓሣዋም ትተርፍ ነበር። ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች።

«አስረሺው እሺ» አለ ሁመድ፣ ቀና ሳይል። «እኔንስ በምን ታስረሺኛለሽ?»

ራውዳ ጣቷን አላነሳችም፤ አልተጫነችምም።